ብርሃንን የሚመልስ ግድግዳ፤ በኦቾሎ ስለ ቤት ቀለም የተነገረ ዲስኩር



ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ከላንቴ ሜዳ ላይ ቆሞ ዐይኑን ወደ ላይ ላቀና ሰው ሁሉ በዐለት ዙፋን ላይ ተቀምጣ የምትታየው ኦቾሎ፣ ፈጣሪ ብርሃን ያልነፈጋት አገር መሆኗን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ፀሓይ ከሐይቁ ማዶ ብቅ ስትል ሜዳው ገና በጥላ ሳለ ጸዳሏ አስቀድሞ የሚያርፈው በእናንተ ቋጥኝ ላይ ነውና። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ብርሃን ወጥቶ፣ በዛሬው ጊዜ በየሰፈሩ ከሚሠሩት የቆርቆሮ ክዳን ቤቶች ወደ አንዱ የሚገባ እንግዳ፣ በቀትር እንኳ ቢሆን ዐይኑ ጽልመቱን እስኪለምድ ድረስ ከደጃፉ ላይ ቆሞ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ከውጭ እንዲህ የተትረፈረፈው ብርሃን ከውስጥ ስለ ምን ጠፋ? ከደጅ ቀርቶ እንደ ሆነስ ማንን እንጠይቅ? መስኮቱን ነው፣ ጣራውን ነው፣ ወይስ ግድግዳውን? ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ ነገሩ ስለ ቀለም ቢሆንም፣ ቀለምን ከጌጥ ይልቅ የብርሃን አገልጋይ አድርጌ የምመለከት ስለ ሆንሁ፣ ንግግሬ ከሱቅ መደርደሪያ ሳይሆን ከፀሓይ ይጀምራል።

ኦቾሎ በምክር የታወቀች አገር ናት። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የዚህችን አገር ጉባኤና ሥርዐተ ምክር ለውጭው ዓለም ሊቃውንት አስተዋውቋል፤ እናንተ ግን ከእርሱ መጽሐፍ በፊት፣ የአገር ጉዳይ በጓዳ ሳይሆን ሰማይ በሚያየው አደባባይ፣ ሁሉም የሁሉን ፊት እያየ እንዲመከር አባቶቻችሁ እንዳዘዙ ታውቃላችሁ። በመላው የጋሞ ምድር ዱቡሻ የሚባለው የጉባኤ ስፍራ ግድግዳና ጣራ የለውም። መዓልቱ ለእርሻ፣ ለሽመናና ለአደባባይ ሲሆን፣ ቤት ደግሞ ለእሳት፣ ለምግብና ለእንቅልፍ የተለየ ስለ ነበረ፣ የቤት ጨለማ ለቀድሞ ሰው ችግር አልነበረም። ዛሬ ግን ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ መጽሐፉን የሚገልጠው ከቤት ውስጥ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናው የሚቀመጠው ከቤት ውስጥ ነው፤ ዐይናቸው የደከመ አባት የመድኃኒቱን ጽሑፍ የሚያነቡት ከቤት ውስጥ ነው። የኑሮው ግብር ከአደባባይ ወደ ክፍል በገባ መጠን ብርሃኑም ተከትሎ መግባት ይገባዋል።

ንግግሬ እንዳያሳስት አንድ ነገር አስቀድሜ ልለይ። የጋሞ ደገኛ ከቀርከሃ ጠልፎ ያቆመው፣ ቁመቱ የዛፍ ያህል የሆነው፣ በዶርዜ በኩል ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው ታላቁ ቤት፣ ውስጡ ጨለማ ነው ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም። በእርሱ ውስጥ የሚነደው እሳት ጢሱን ወደ ላይ ሲሰድ ቀርከሃውንና ክዳኑን ከነፍሳት ይጠብቃል፤ ያ ጥቁር ጥቀርሻ በዘመናት የተፈተነ መድኃኒት ነው። ምስጥ ግርጌውን በበላው ቊጥር ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ ፈጥኖ አይወድቅም፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። እንዲህ ያለውን ቤት በዘይት ቀለም ቀብቶ የሚያበራ መስሎት የቀርከሃውን እስትንፋስ የሚደፍን ሰው ከእኔ ጋር አይቈጠር። የምናገረው ስለ ሌላው ቤት ነው፤ ግድግዳው በእንጨትና በጭቃ የተመረገ ወይም በብሎኬት የተገነባ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንዲት፣ እርሷም ብርድና አቧራ ይገባል ተብሎ ዘወትር በእንጨት መዝጊያ የተዘጋች፣ ከቀርከሃው ቤት ጨለማውን ወርሶ ጥበቡን ያልወረሰው ቤት ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ቀለም ከራሱ የሚያወጣው አንዳች ብርሃን የለውም። ግድግዳ ከመስኮት የተቀበለውን ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን ይመልሳል፤ የመልካም ቀለም ጥበብ ሁሉ ያለው በሚመልሰው ብዛት ነው። በደንብ የተቀባ ንጹሕ ነጭ ከመጣለት መቶ እጅ ብርሃን 80 ያህሉን ይመልሳል፤ ፈዘዝ ያለ ክሬም 70 ገደማ ይመልሳል፤ ያልተለሰነ ቀይ ቡናማ ጭቃ ከ30 እጅ አይበልጥም፤ ጥቀርሻ የያዘው የማድ ቤት ግድግዳ ግን ሁሉን ውጦ ዝም ይላል። ሰው እዚህ ላይ «እንግዲያስ ከ30 ወደ 70 ብንሄድ ብርሃኑ ከእጥፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው» ይላል። ነገሩ ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ብርሃን አንድ ጊዜ ተመልሶ አይቆምም፤ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ኮርኒስ እየተመላለሰ በየደረሰበት ይከፈላል። መስኮቱን ለጊዜው ረስተን ክፍሉን ሁሉ በአንድ ቀለም የተቀባ ብናደርገው፣ 30 እጅ ብቻ በሚመልስ ክፍል ውስጥ መቶ ሆኖ የገባው ብርሃን በሁለተኛው ጊዜ 30፣ በሦስተኛው 9፣ በአራተኛው 3 እንኳ የማይሞላ ሆኖ ያልቃል፤ ሁሉ ቢደመር 143 ያህል ነው። 70 እጅ በሚመልስ ክፍል ውስጥ ግን 70፣ 49፣ 34፣ 24 እያለ ቀስ ብሎ እየደከመ ሄዶ ድምሩ 333 ያህል ይደርሳል። ከመስኮቱ ርቃ በጥግ ለተቀመጠችው ልጅ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይበረታል፤ እርሷ ከመስኮቱ በቀጥታ የሚደርሳት እምብዛም ስለሌለ፣ የምታነበው በዚህ በተመለሰው ብርሃን ብቻ ነውና፤ የተመለሰው ብቻውን ቢቈጠር ከ43 ወደ 233፣ ማለት ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኗል። መስኮት ሳይጨመር፣ መብራት ሳይገባ፣ በቀለም ብቻ!

ከዚህ የሚከተለው ሁለተኛው ነገር፣ የትኛው የክፍሉ ወገን ቀድሞ ይቀባ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን በሙሉ ፊት ለፊት በሚታየው ግድግዳ ላይ አፍስሶ፣ ከአናቱ በላይ ያለውን ኮርኒስ ጭራሽ ይረሳዋል፤ ወይም ኮርኒስ የሚባል ነገር የለውም። ይህ በሌላ አገር ትንሽ ጥፋት ይሆን ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን ታላቅ ጥፋት ነው። ኦቾሎ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሓይ በቀትር የምትቆመው ከአናታችን ሳትርቅ ነው፤ ጣራው ደግሞ ዝናብና ፀሓይ እንዲከለክል ወደ በረንዳው ወጣ ብሎ ስለሚሠራ፣ ጨረሯ በመስኮት በቀጥታ አይገባም። ታዲያ በቀትር ወደ ክፍላችን የሚገባው ብርሃን ከየት የመጣ ነው? በአመዛኙ ከመሬት ነው። ከደጃፉ ፊት ካለው ግቢ፣ ከተጠረገው አፈር፣ ከድንጋዩ ላይ ተመልሶ ወደ ላይ ሲወጣ በመስኮቱ ዐልፎ የሚያርፈው በኮርኒሱ ላይ ነው። ነጭ ኮርኒስ ይህን ከመሬት የመጣ ብርሃን ተቀብሎ በክፍሉ ላይ እኩል ያፈሰዋል፤ የጠቆረ ኮርኒስ ወይም ዝገት የያዘው የቆርቆሮ ሆድ ግን ገና እንደ ገባ ይቀብረዋል። ስለዚህ ከመስኮቱ ፊት ያለው መሬት በጠፍጣፋ ነጣ ያለ ድንጋይ ቢነጠፍ፣ የበረንዳው ሆድ ነጭ ቢቀባ፣ ግድግዳው ወፍራም ከሆነም በመስኮቱ ግራና ቀኝ የሚታየው የግድግዳው ውፍረት ራሱ ነጭ ቢደረግ፣ ውስጡ ገና ቡርሽ ሳይነካው ብርሃን ጨመረ ማለት ነው። ገንዘቡ ለአንድ ወገን ብቻ የሚበቃ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ያለ ጥርጥር ኮርኒስ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቤት ደግሞ አቡጀዲ ተወጥሮበት ቢቀባ እንኳ ከባዶ ቆርቆሮ ይሻላል።

በአውሮፓ የተጻፉ የቤት አሳማሪ መጻሕፍት «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛና ጨለማ ነው፤ ወደ ደቡብ የሚያይ ክፍል ሙቅና ብሩህ ነው» ብለው ያስተምራሉ፤ የእኛም ወጣት ባለሙያዎች ይህን እንደ ቃለ ወንጌል ይዘው ሲናገሩ ይሰማል። ይህ ሕግ ለለንደንና ለፓሪስ የተሠራ ነው፤ ወደ ኦቾሎ ሲመጣ አይሠራም። በእኛ ሰማይ ላይ ፀሓይ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምራ እስከ ጳጉሜን ድረስ በቀትር ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በሰኔ አጋማሽ ከአናታችን 17 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። የቀረውን የዓመቱን ወራት በደቡብ በኩል ትሄዳለች፤ በታኅሣሥም ወደ 30 ዲግሪ ያህል ትደርሳለች። ስለዚህ የሰሜኑ መስኮት በክረምት፣ የደቡቡ መስኮት በበጋ ድርሻ ድርሻውን ያገኛል፤ ሁለቱም ከጧት እስከ ማታ የሰከነ፣ የማይለዋወጥ ብርሃን ይሰጣሉ። በእኛ ዘንድ ብርቱ ልዩነት ያለው በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ነው። ወደ ሐይቁ፣ ማለት ወደ ምሥራቅ የሚያይ ክፍል ጧት ወርቅ የመሰለ ጨረር ይሞላዋል፤ ከቀትር በኋላ ግን ብርሃኑ ከሰማይ ብቻ የሚመጣ ስለ ሆነ ሰማያዊነት ያለውና የደከመ ይሆናል። ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው የሚያጠኑት ከሰዓት በኋላ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ክፍል ቢጫነት ያለው ሞቅ ያለ ክሬም ይገባዋል። ወደ ምዕራብ የሚያየውና ከፊቱ ያለው ተራራ የሚጋርደው ክፍል ደግሞ ከማምሸቱ በፊት ቀድሞ ይጨልማልና፣ ለእርሱ ከሁሉ የፈዘዘው፣ ለነጭ የቀረበው ይመረጥለት።

«ነጭ ለምን ለሁሉም አይበቃም?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ነው፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ነጭ ለኮርኒስ ወደር የለውም። ለግድግዳ ግን፣ ብርሃን በማይደርሰው ጥግ ላይ የተቀባ ፍጹም ነጭ፣ በተለይ ሰማያዊነት የተጨመረበት፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ብሩህ ወገን ጋር በዐይን ሲነጻጸር አመድ መስሎ ይታያል፤ የቤቱ እመቤትም «ነጭ ቀብቼ እንዴት ይህ ግራጫ ሆነብኝ?» ብላ ትደነቃለች። ጥቂት ቢጫ የገባበት፣ የለጋ ቅቤ መልክ ያለው ቀለም ከነጭ የሚያንሰው በጥቂት እጅ ብቻ ሆኖ፣ ለዐይን ግን ጥላው ውስጥ እንኳ ሕያው ይመስላል። በሌላው ወገን ደግሞ ሰው ሙቀት ፈልጎ ጥልቅ ቀይ፣ የሸክላ መልክ ወይም ቡናማ ቢመርጥ ይጎዳል። የቼክ ተወላጁ ሊቅ ያን ኤቫንጌሊስታ ፑርኪንዬ በ19ኛው መቶ ዘመን እንደ አስተዋለው፣ ብርሃን ሲደክም ከኅብረ ቀለማት ሁሉ ቀድሞ የሚጠቁረው ቀይ ነው፤ በቀን እሳት የመሰለው የጽጌ ረዳ አበባ ምሽት ሲቃረብ ከቅጠሉ ይልቅ ይጨልማል። ቀይ ግድግዳ ያለው ክፍልም እንዲሁ ከደጁ ቀድሞ ይመሻል።

እዚህ ላይ በኦቾሎና በአካባቢዋ ደጋዎች ሁሉ የሚገኝ፣ በመጻሕፍት ግን ያላየሁት አንድ ምሥጢር ልጨምር። የእናንተ ቤት በእንሰት የተከበበ ነው፤ እንሰቱ ከጓሮ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ሰፊ ቅጠሉን በመዝጊያው ላይ ያሳርፋል። የፀሓይ ብርሃን በዚያ ቅጠል ውስጥ ዐልፎና ከላዩ ተመልሶ ሲገባ ነጭ ሆኖ አይገባም፤ አረንጓዴ ሆኖ ይገባል። እጃችሁን ከእንዲህ ያለው መስኮት አጠገብ በነጭ ወረቀት ላይ ብታኖሩ ወረቀቱ እንደ ለጋ ሣር ሲሆን፣ የእጃችሁ ቆዳም የታመመ ሰው እጅ መስሎ ይታያችኋል። በዚህ ክፍል አረንጓዴ ወይም ሰማያዊነት ያለው ቀለም የሚቀባ ሰው በአረንጓዴው ላይ አረንጓዴ ይጨምራል። ለእርሱ መድኃኒቱ ክሬሙ ውስጥ ጥቂት ቀይ ማግባት ነው፤ ለዐይን ቀይ መሆኑ እንዳይታወቅ ያህል ጥቂት፤ ያን ጊዜ የቅጠሉን አረንጓዴ አለዝቦ የሰው ፊት ወደ መልኩ ይመልሳል። እንሰቱን ቊረጡ አልልም፤ እንሰት የቤቱ እንጀራ ነውና። የሚቀጥለውን ስትተክሉ ግን ከመስኮቱ ፊት ጥቂት ስፍራ ብትተዉ መልካም ነው።

ሸማኔዎች ሆይ፣ ይህን የቀለምና የጎረቤቱን ምሥጢር ከማንም ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሚሼል ኤዥን ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በፓሪስ ጎብለን በሚባለው የመንግሥት ሽመና ቤት የቀለም ማጥለቂያው ክፍል ኀላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ጠቆረ አልጠቆረም እየተባለ አቤቱታ ቢበዛበት ነገሩን መርምሮ፣ ጥፋቱ ከማጥለቂያው ሳይሆን ከክሩ ጎን ከተሰለፈው ሌላ ቀለም መሆኑን ደረሰበት፤ በ1839 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ታላቅ መጽሐፉም ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ ቀለም አጠገቡ ባለው ቀለም ይለወጣል፤ ፈዛዛው ከጥቁሩ ጎን ሲቆም ይበራል፣ ጥቁሩም ይበልጥ ይጠቁራል። የጋሞ ሸማኔ ግን ድንጉዛ የሚባለውን የሽመና ልብስ ሲሠራ ቢጫውንና ቀዩን ከጥቁር ጎን አሰልፎ ቢጫው እንደ ነበልባል እንዲወጣ ሲያደርግ የኖረው ከሼቭረል መጽሐፍ ተምሮ አይደለም። ይህንኑ እውቀት ወደ ግድግዳ አምጡት። በክሬም ክፍል ውስጥ አንድ ድንጉዛ ከግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ወይም የበሩ መቃን በጥቁር ቡናማ ቢቀባ፣ ክፍሉ ይጨልማል ብላችሁ አትፍሩ፤ ከጎኑ ያለው ፈዛዛ ግድግዳ በዚያ ምክንያት የበራ ይመስላል። ጨለማ ቀለም ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ስፍራውን ያላወቀ ጨለማ ቀለም ነው ጠላቱ።

ስፍራውን ካላወቁት ቀለሞች አንዱን በግልጽ እነቅፋለሁ። በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በመሥሪያ ቤት ሁሉ የግድግዳውን የታችኛውን ወገን እስከ ትከሻ ድረስ በሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የዘይት ቀለም መቀባት እንደ ሥርዐት ተይዟል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የልጆች እጅና የወንበር ጀርባ ያቈሽሸዋልና እንዲታጠብ ነው። ነገር ግን ከመስኮት የገባው ብርሃን ወለሉን ነክቶ የሚመለሰው ወደዚሁ ወገን ነው፤ ልጁም ተቀምጦ ሲጽፍ ዐይኑና ደብተሩ የሚገኙት በዚሁ ከፍታ ላይ ነው። ግማሹን ክፍል በአረንጓዴ ጨለማ ነክረን፣ ከላይ በቀረው ክሬም እናበራለን ማለት ከንቱ ድካም ነው። ሊታጠብ የሚችል ቀለም ካስፈለገ ከወገብ በላይ አይውጣ፤ መልኩም ፈዘዝ ያለ ይሁን። ከዚህም ጋር፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሲሆን ብርሃኑን እንደ መስተዋት በአንድ ወገን ወርውሮ ዐይን ይወጋል፤ የጭቃውን ጎድጓዳና እብጠት ሁሉ ያጋልጣል፤ ድርቅ ያለው የማያብረቀርቅ ቀለም ግን ያንኑ ብርሃን በሁሉ አቅጣጫ በለሰለሰ መንገድ ይበትነዋል።

ስለ ቀለሙ ዓይነት የምናገረው አጭር ነው። ለጭቃ ግድግዳ ከሁሉ የሚስማማው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል እስትንፋሱን ያጣል፤ በውሃ ሲበጠበጥ ይፈላል፤ በግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ ከአየሩ የካርቦን ጋዝ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። በእርጥብነቱ ሳለ ግልጽ ውሃ መስሎ ግድግዳውን ስለሚያሳይ ብዙ ሰው «ቀጠነ» ብሎ አወፍሮ ይቀባዋል፤ የወፈረው ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ በረጠበ ግድግዳ ላይ ደጋግሞ መቀባት ነው ጥበቡ፤ ሲደርቅ በየጊዜው ይነጣል። ሲፈላ ዐይንን ያቃጥላልና ልጆች አይቅረቡት፤ የሚበጠብጠውም ሰው ዐይኑን ይከልል። ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል፤ የዘይት ቀለም ግን ከመሬት የወጣውን እርጥበት ከውስጥ አፍኖ ይይዘውና በዓመቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ለብሎኬት ቤት በስቱኮ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀባ የውሃ ቀለም ይበቃል። ከቆርቆሮው ጣሳ ላይ የእርሳስ ማዕድን የለበትም የሚለውን ማስታወቂያ ሳትመለከቱ ግን አትግዙ፤ በተለይ ደማቅ ቢጫና ደማቅ ቀይ ሲሆን። የአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ያዘዘው፣ ይህ ማዕድን የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ስለ ሆነ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለኦቾሎ በተለይ ይነገራል። በዐለቱ ዋሻ ከሚኖረው ሽኮኮ ወደ ሰው የሚመጣው፣ በፊት ላይ ጠባሳ የሚያስቀር የቆዳ በሽታ፣ ማለት በሌላው አገር ቁንጭር የሚባለው፣ በዚህች ቀበሌ ለብዙ ዓመታት በሐኪሞች ሲጠና ቈይቷል። በሽታውን የሚያመላልሰው ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ቀኑን የሚያሳልፈው በጨለመና በረጠበ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ቀለም መድኃኒት ነው አልልም፤ ነገር ግን ማንም ሰው ግድግዳውን ከመቀባቱ በፊት ስንጥቁን ሁሉ ሳይደፍን ቢቀር፣ ከብርሃኑም ከጤናውም ድርሻ አጎደለ። ምርጊቱ ይቅደም፣ ቀለሙ ይከተል።

ቀደምት ሠዓልያን ይህን ቅደም ተከተል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በእንጨት ገበታ ላይ ቅዱሳንን ሊሥሉ ሲነሡ፣ እንጨቱን አስቀድመው በነጭ ጀሶ ለስነው፣ ኅብሩን ሁሉ በዚያ ነጭ ላይ ያኖሩ ነበር፤ የመቅረዝና የጧፍ ብርሃን ብቻ በሚደርስበት ቤተ መቅደስ ውስጥ ሥዕሉ የሚታየው ከሥሩ ያለው ነጭ ብርሃኑን ስለሚመልስ ነው። በዘመናችንም ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ በ150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስተዋት የሠሩትን ሥራ ያየ ሰው፣ ብርሃን በዐለፈበት ነገር መልክ ተቀብቶ በወለል ላይ እንደሚያርፍ በገዛ ዐይኑ ተረድቷል። ግድግዳም ከዚህ አይለይም፤ የሰጠነውን ቀለም በክፍሉ ውስጥ ላለው ሰው፣ ለዳቦውም ለደብተሩም፣ ለፊቱም ያካፍላል።

ስለዚህ ቀለም ልትገዙ ወደ አርባ ምንጭ የምትወርዱ ሁሉ፣ በሱቁ ደጃፍ ፀሓይ ላይ በሚታየው ቀለም አትታለሉ። የምትፈልጉትን ከትንሿ ጣሳ ገዝታችሁ በሰፊ ጣውላ ወይም በካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ቅቡት፤ ከዚያም ከመስኮቱ ርቆ በሚገኘው በጨለመው ጥግ አቁማችሁ ጧት፣ በቀትር፣ ከቀትር በኋላና ማታ በመብራት ተመልከቱት። በአራቱም ሰዓት ሕያው ሆኖ የታያችሁን ግዙ፤ ከሁለት የተቀራረቡ መልኮችም መካከል ሁልጊዜ የፈዘዘውን ውሰዱ፤ ቀለም በአራቱ ግድግዳ ላይ ሲሞላ ከጣውላው ላይ ይልቅ እየበረታ ይመጣልና።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ዝናብ በማይበዛበት በታኅሣሥና በጥር፣ ከየራሳችን ሳሎን በፊት የልጆቻችንን የመማሪያ ክፍል እናስቀድም። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ኮርኒስ ይበጅለት፤ ያለውም ነጭ ይቀባ፤ የትከሻው አረንጓዴ ቀለም እስከ ወገብ ይውረድ፤ የመስኮቱ ዙሪያ ኖራ ይቀባ። ኖራውን ለመበጥበጥ፣ መሰላል ለማዋስ፣ ቡርሽ ለመግዛት ወይም አንድ ቀን ጉልበቱን ለመስጠት የሚወድ ሁሉ፣ ዛሬ ከዚህ ጉባኤ ሳይወጣ ስሙን ለመምህራኑ እንዲያስመዘግብ አጥብቄ እለምናለሁ።